ሲዲው ውስጥ ቀለም የለም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምሠራው፣ ከአዘዞ ፒያሳ። መስታወቴ ላይ አሮጌ ሲዲ አንጠልጥያለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ጣሪያውና ተሳፋሪው ፊት ላይ ሁሉ ቀስተ ደመና ይረጫል። ጓደኛዬ «ቀለም ተቀብቶ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ እንደ ፕሪዝም ነው የሚሠራው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል፣ አንተ ግን ትንሽ ቀርበሃል።

ቀለም የተቀባ ቢሆን ቀዩ ቦታ ሁልጊዜ ቀይ እንደሆነ ይቀር ነበር። ያንተ ሲዲ ግን ትንሽ ዘንበል ሲል ቀይ የነበረው አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሰማያዊ ይሆናል። ይህ የቀለም ጠባይ አይደለም። ፕሪዝምም አይደለም፤ ፕሪዝም ብርሃኑን በውስጡ አሳልፎ ነው የሚያጎብጠው፣ አብልጦ የሚጎብጠውም ሐምራዊው ነው። ሲዲ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። እንደ መስታወት ከሚንጸባረቀው ነጭ ብርሃን አብልጦ ርቆ የሚወጣው ቀዩ ነው። ካላመንክ ዛሬውኑ ጥላ ውስጥ አቁመህ እየው፣ በምትነዳበት ሰዓት ግን አይሁን።

ሲዲ ላይ ያለው ዘፈን የተጻፈው ከመሀል ወደ ዳር እየተጠመዘዘ በሚሄድ አንድ ረጅም መስመር ላይ ነው። አንዱ ዙር ከሚቀጥለው ዙር የሚርቀው 1.6 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮሜትር ገደማ ይወፍራል ብንል፣ በአንድ ፀጉር ስፋት ላይ ከ40 በላይ መስመር ይሰለፋል ማለት ነው። በአንድ ሚሊሜትር ሲቆጠር 625 ይመጣል። እንዲህ እኩል እኩል ተራርቆ በጣም ተቀራርቦ የተሰመረ ነገር ዲፍራክሽን ግሬቲንግ ይባላል። ሲዲን የሠሩት ሰዎች ዘፈን ሊጭኑበት ነበር፣ ግሬቲንግ የሆነው በትርፍ ነው።

አሁን ብርሃኑ። ብርሃን ሞገድ ነው፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ሲያርፍም ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ዓይንህ ያለበትን አንድ አቅጣጫ ብቻ እንያዝ። ከአንዱ መስመር የተነሳው ሞገድ ዓይንህ ጋ ለመድረስ ከጎረቤቱ ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ትርፉ መንገድ ልክ አንድ የሞገድ ርዝመት (ከአንዱ ከፍታ እስከ ቀጣዩ ከፍታ ያለው ርቀት) ከሆነ ሁለቱ ከፍታቸው ከከፍታ ገጥሞ ይደርሳሉና ብርሃኑ ይደምቃል። ግማሽ ከሆነ ግን የአንዱ ከፍታ የሌላው ዝቅታ ላይ ያርፍና ይጠፋፋሉ። ቀይ ብርሃን 650 ናኖሜትር አካባቢ ነው ርዝመቱ፣ ሰማያዊው 450። ርዝመታቸው ስለሚለያይ የሚገጥሙበት አቅጣጫም ይለያያል። ጨዋታው ሁሉ ይኸው ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ብርሃኑ ሲዲውን ቀጥ ብሎ ይምታው እንበል፤ የሞገዱን ርዝመት በመስመሮቹ መካከል ላለው ርቀት፣ ለ1600 ናኖሜትር (ያው 1.6 ማይክሮሜትር ነው)፣ ስታካፍል የምታገኘው ብርሃኑ ከቀጥታው የሚያዘነብልበትን አንግል ሳይን ነው (ካልኩሌተር ላይ sin የሚለው)። ሰማያዊው 16 ዲግሪ ገደማ ላይ ይወጣል፣ ቀዩ 24 ላይ። ትርፉ መንገድ ሁለት የሞገድ ርዝመት የሚሆንበት አቅጣጫም ስላለ፣ ከዚያ ወጣ ብሎ ሌላ ሰፋ ያለ ቀስተ ደመና አለ፣ ከ34 እስከ 54 ዲግሪ። እንደ ተራ መስታወት የሚንጸባረቀው ብርሃን ደግሞ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ትርፍ መንገድ ስለሌለ ሁሉም ቀለም እኩል ይገጥማል።

ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ዘለው የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። መስመሮቹ ለምን ይህን ያህል በዙ? ሁለት መስመር ብቻ ቢኖርም እኮ ብርሃን ይገጥማል፣ ይጠፋፋል። ግን ደብዝዞ ነው፣ ቀለሞቹ እርስ በርስ ተደራርበው። ሰርግ ቤት ሁለት ሰዎች ሲያጨበጭቡ አንዱ በጣም ጥቂት ቢዘገይ ማንም አይሰማውም። መቶ ሰው ተሰልፎ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ያችኑ ጥቂት ቢዘገይ ግን፣ መጨረሻ ላይ ያለው እጁን ሲዘረጋ የመጀመሪያው እያጨበጨበ ነው፣ ምቱ ይደፈርሳል። ግሬቲንግ ላይም አንግሉ ከትክክለኛው ትንሽ ሲስት ጎረቤታም መስመሮች አሁንም የገጠሙ ይመስላሉ። የመጀመሪያውና 500ኛው ግን ፍጹም ተቃራኒ ሆነው ሊጠፋፉ ይችላሉ። 2ኛውና 501ኛውም እንዲሁ፣ 3ኛውና 502ኛውም እንዲሁ፣ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀለም በራሱ ጠባብ አቅጣጫ ላይ ብቻ ይተርፋል። ቀስተ ደመናህን ጥርት ያደረገው የመስመሩ ብዛት ነው።

ዲቪዲ ካገኘህ ቀይረህ ሞክር። መስመሮቹ የሚራራቁት 0.74 ማይክሮሜትር ስለሆነ ቀለሙን አብዝቶ ይበትናል፣ ሰማያዊው 37 ዲግሪ፣ ቀዩ 61 አካባቢ። ሁለተኛውን ቀስተ ደመና ግን አታገኘውም፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ከመታው ሳይኑ ከ1 ይበልጣልና መውጫ የለውም። ሌላው ነገር፣ የፊት መስታወት ላይ ከምታንጠለጥለው ወደ ኋላ አድርገው። ከፊት ያለው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ አራዳ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። ማታ ጃንጥላ ዘርግቼ የመንገዱን መብራት በጨርቁ ውስጥ ሳየው በመስቀል ቅርጽ ብዙ ነጥብ ሆኖ ይታየኛል፣ ጫፍ ጫፉም ቀለም አለው። በነጠላዬ ሳየው ግን እንዲያ አይሆንም። ዓይኔን አሞኝ ይሆን?

መልስ፦ እማማ፣ ጃንጥላውን ሲያወርዱት የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ከጨርቁ ነው። የጃንጥላ ጨርቅ በማሽን የተሸመነ ስለሆነ ክሩ ቀጭን ነው፣ ክፍተቱም እኩል ነው። ድሩ ወደ አንድ በኩል፣ ማጉ ወደ ሌላ በኩል ብርሃኑን ይበትኑታል፣ መስቀል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ክሮቹ ከሲዲው መስመር በብዙ እጥፍ የተራራቁ ናቸውና ነጥቦቹ ከመብራቱ ብዙ አይርቁም፤ ቀለሙም ጫፍ ላይ ብቻ ቅልም ይላል። ነጠላዎ የእጅ ፈትል ነው፣ አንዱ ክር ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላል፣ ክፍተቱም ሰፋ ይላል። እኩልነት ከሌለ የሚገጥም ሞገድ የለም። ለነጠላው ነውር አይደለም፣ ለመልበስ እንጂ ለዚህ አልተሠራም።

ደግሞ እርስዎ የጠየቁትን አንድ የአሜሪካ ታላቅ ሰውም ጠይቋል። በ1776 (እ.ኤ.አ.) የነፃነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን፣ በሐር መሐረብ ውስጥ የመንገድ መብራት አይቶ ግራ ገባው። መሐረቡን ወዲያና ወዲህ ቢያንቀሳቅሰውም ያየው ጥለት ንቅንቅ አላለም። ጥያቄውን ፊላዴልፊያ ለሚኖረው የሥነ ፈለክ ሰው ለዴቪድ ሪተንሃውስ ጻፈለት። ሪተንሃውስ በ1785 ገደማ በቀጫጭን ብሎኖች ጥርስ ላይ ፀጉር እየወጠረ በዓለም የመጀመሪያ ከሚባሉት ግሬቲንጎች አንዱን ሠራ። እርስዎም ጃንጥላውን ወደ ጎን ይሳቡት፤ ነጥቦቹ ካሉበት አይነቃነቁም። ጥለቱን የሚወስነው በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት እንጂ የትኛው ክር የት እንዳለ አይደለም። ሲያዞሩት ግን አብሮ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ማራኪ ነው የምኖረው፣ 11ኛ ክፍል ነኝ። ግሬቲንግ የሚገዛበት አላገኘሁም። ቤት ውስጥ ልሠራ እችላለሁ? ምንስ ላይበት?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ወጪውም ከሻይ ዋጋ አያልፍም። ጽሑፍ ባለበት የሲዲው ገጽ ላይ ጭረት አድርጊና ጠንካራ ፕላስተር ለጥፈሽ ሳቢው፣ ብርማው ሽፋን ተላጦ ይነሳል። የቀረልሽ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ግሬቲንግ ነው። ከዳሩ ትንሽ ቁራጭ በመቀስ ውሰጂ፣ እዚያ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ይመስላሉ።

የጫማ ካርቶን ይኑርሽ። በአንዱ ጫፍ ሁለት ምላጭ አፍ ለአፍ አቀራርበሽ ቀጭን ስንጥቅ ሥሪ፣ እጅሽን ግን ጠብቂ። በሌላው ጫፍ ቀዳዳ አድርገሽ ቁራጩን ለጥፊበት፣ መስመሮቹ ከስንጥቁ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁኑ። ስንጥቁን ወደ መብራቱ አዙረሽ ወደ ውስጥ ስታዪ ቀለሙ ከስንጥቁ ጎን ይወጣል። ስንጥቁ በሰፋ ቁጥር ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው።

አሮጌው አምፖል ሳይቋረጥ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ይሰጥሻል። ኢነርጂ ሴቨር የሚባለው ጥምዝ መብራት ግን ቁርጥ ቁርጥ ነው፤ 546 ናኖሜትር ላይ ያለው ደማቅ አረንጓዴ መስመር የሜርኩሪ ነው። ኤልኢዲው ሰማያዊው ላይ ይጎላል፣ ከዚያ ጎደል ይልና ወደ አረንጓዴና ቢጫ ይሰፋል። ነጭ ብለን የምንጠራቸው ሦስቱም አንድ ዓይነት ነጭ አይደሉም። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልመሽ የምግብ ጨው ጋዝ ምድጃው ነበልባል ላይ ቁንጥር አድርጊ፣ 589 ናኖሜትር ላይ ቢጫ መስመር ብልጭ ይላል። ሶዲየም ነው።

ከዚያ ቀን ላይ ወደ ሰማይ አዙሪው፣ ወደ ፀሐይዋ ግን በጭራሽ። በዚህም ሆነ ባልተላጠ ሲዲ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም በላሊበላ ቀለበት ሆኖ የታየውን ዓይነት ግርዶሽ ስትመለከቺ እንኳ ሲዲ መከላከያ አይሆንሽም። ስንጥቁ በደንብ ከቀጠነ በሰማዩ ብርሃን ውስጥ ጥቁር መስመሮች ይታዩሻል። ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 (እ.ኤ.አ.) በፕሪዝም የመዘገባቸው ናቸው፣ በ1821 ደግሞ ከቀጫጭን ሽቦ ግሬቲንግ ሠርቶ የሞገዳቸውን ርዝመት ለካ። ከእነሱ አንዱ፣ እሱ ዲ ያለው፣ ያንቺ ጨው ያበራበት ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ፀሐይ ላይ ያለው ሶዲየም ያንኑ ቢጫ እየዋጠ ነው። ሁለቱን በስልክሽ አንስተሽ ጎን ለጎን አስተያያቸው፣ ካርቶኑን ግን በመሀል እንዳታነቃንቂው።