የአባቴን መፍቻዎች ልሽጣቸው?

ጥያቄ፦ አባቴ አዳማ ውስጥ 26 ዓመት መካኒክ ነበር። ጥር ላይ አረፈ። ሁለት ሣጥን መፍቻ፣ አንድ ክሪክና የኪራይ ጋራዥ ትቶልናል። ከሦስት ልጆች ትልቁ እኔ ነኝ። 12ኛ ክፍል ብጨርስም ማለፊያ ነጥብ አልመጣልኝም። «አንተ ግሪስ እንዳትነካ፣ ተማር» ይለኝ ነበር። ለቅሶ የመጡት ሾፌሮች ሁሉ ግን የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፤ የፈታውን አሮጌ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይሰጥ ነበር። ረዳቱ አሁን ሌላ ጋራዥ ገብቷል። ሰው ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ስለመጣ መካኒክነት አለቀለት ይላል። ዕቃውን ልሽጠው?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

እኔን የያዘኝ ያ በጋዜጣ የተጠቀለለው ዕቃ ነው። ጋራዥ የሚገባ ሰው ትልቁ ፍርሃቱ ያልተቀየረው ተቀየረ መባሉ ነው። አባትህ ያንን ፍርሃት ሳያወራ አጠፋው። የተወላችሁ ትልቁ ሀብት ደንበኛው ነው። ችግሩ፣ ደንበኛ አይጠብቅም። ጋራዡ ተዘግቶ ከከረመ ሾፌሩ ሌላ መካኒክ ይለምዳል።

«ግሪስ እንዳትነካ» ማለቱ ሥራውን ንቆ አይመስለኝም። ሲሚንቶ ላይ ተንጋሎ የዋለ ወገብ እንዲያ ያናግራል። «ተማር» ያለውን ግን ያዝ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ እውነት ነው። ነገር ግን በከተማህ አልፎ ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ናፍጣ ነው የሚጠጣው። ድሮ የገባውም አሮጌ መኪና ነገ አይጠፋም። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ካንዴላና የሞተር ዘይት የለውም እንጂ ፍሬን፣ አሞርዛተር፣ መሪ አለው። ባትሪው ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። የብዙዎቹ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ያንን ኃይል የሚያስተላልፉትን ብርቱካናማ ገመዶች ሳይሠለጥኑ መነካካት ይገድላል። እዚያ ጋ «በልምድ እንሞክረው» የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ አትሽጥ። ብቻህንም አትክፈት፤ አንተ ገና ቴስታታ (የሞተር ራስ) አልፈታህም። ረዳቱን ሄደህ አናግረው። ቦታውና ዕቃው ከእናንተ፣ እጁ ከእሱ ይሁን። የመጀመሪያው ብር ከመቆጠሩ በፊት ድርሻችሁን በወረቀት ጻፉ፤ እናትህም ትፈርም። ቤተሰብና ቤተሰብ የመሰለ ሰው የሚጣላው ባልተጻፈ ነገር ነው። አንተ ቀን ከእሱ ሥር ሥራ፣ ማታ ቴክኒክና ሙያ ገብተህ አውቶ ኤሌክትሪክ ተማር። ከዚያ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ትፈተናለህ። ረዳቱም በሥራ ልምዱ መመዘን ይችላል።

የኪራይ ውሉ በአባትህ ስም ከሆነ በዚህ ሳምንት አከራዩን አነጋግሩ። የአባትህን ሲም ደግሞ አውጥተህ አንተ ስልክ ውስጥ ክተተው። ሳይሠራ ከቆየ ቁጥሩ ይዘጋል። ሾፌሮቹ መንገድ ላይ ሲቆሙ የሚደውሉት እዚያ ነው።