ሶላር ተተክሎ ልቀቱ ለምን አልወረደም? ጥያቄና መልስ

ስለ ታዳሽ ኃይልና ስለ አገር የካርቦን ልቀት የተጠራቀሙ ጥያቄዎች አሉ። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ አንድ አገር ሶላር ተከለ ማለት ልቀቱ ቀነሰ ማለት ነው?

አይደለም። ፓነል ካርቦን ከአየር አይመጥም። ልቀት የሚቀንሰው ፓነሉ ኃይል በሚሰጥበት ሰዓት ሌላ ቦታ ሊነድ የነበረ ነዳጅ ሳይነድ ሲቀር ነው። እስቲ እናስላው። 1 ጊጋዋት (1 ሺህ ሜጋዋት) ሶላር ከሙሉ አቅሙ በአማካይ 20 በመቶ ቢሠራ በዓመት 1750 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። የድንጋይ ከሰል ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 820 ግራም ያህል ይለቃል፣ ጋዝ 490፣ ሶላር ራሱ ደግሞ 48። ስለዚህ ከሰል ከተካ በዓመት 1.35 ሚሊዮን ቶን ይቀራል፤ ጋዝ ከተካ 0.77 ሚሊዮን። የውሃ ኃይልን ከተካ ግን ምንም የለም። ያው ፓነል፣ ያቺው ፀሐይ።

ጥያቄ፦ ፓነሉ ሲመረትስ? ፋብሪካው በከሰል አይደል የሚሠራው?

እሱ 48ቱ ግራም ውስጥ ተቆጥሯል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የምርቱ ልቀት የሚመዘገበው ፋብሪካው ባለበት አገር ነው፣ በአብዛኛው ቻይና። ፓነሉን ገዝቶ የሚተክለው አገር በመዝገቡ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቻይና ያን ሁሉ ሶላር እየተከለች ልቀቷ ለምን አደገ?

በ2023 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ብቻ ከ200 ጊጋዋት በላይ ሶላር ጨምራለች። ችግሩ የኤሌክትሪክ ፍላጎቷም አብሮ ሮጠ። አዲሱ ኃይል ለዓመታት የሸፈነው ጭማሪውን እንኳ በከፊል ነው፣ ነባሩን ከሰል አልነካም። ባይተከል ኖሮ ግን የባሰ ይሆን ነበር፤ ይሄን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ በደንብ የተሳካለት አገር አለ?

ብሪታንያ። በ2012 ከኤሌክትሪኳ 40 በመቶው ገደማ ከከሰል ነበር፤ መስከረም 30 ቀን 2024 የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫ ራትክሊፍን ዘጋች። ግን የተስፋፋው የንፋስ ኃይል ብቻውን አልሠራውም። ከ2013 ጀምሮ ካርቦን ላይ ተጨማሪ ክፍያ ተጣለ፣ ከሰል አላዋጣ አለ፣ ከፊሉን ቦታ ጋዝ ያዘው፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ቀነሰ።

ጥያቄ፦ ጀርመን ከፈረንሳይ ይበልጥ ንፋስና ሶላር አላት። ኤሌክትሪኳ ግን ለምን ይበልጥ ይበክላል?

ፈረንሳይ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከኒውክሌር ነው። ጀርመን ደግሞ የመጨረሻ ሦስት የኒውክሌር ማመንጫዎቿን ሚያዝያ 2023 ስትዘጋ ከሰሉ ገና ይነድ ነበር። የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል። መጀመሪያ መዘጋት የነበረበት ከሰሉ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪኩ መቶ በመቶ ታዳሽ ቢሆን አገሩ ዜሮ ይሆናል?

አይስላንድን ተመልከቱ። ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከከርሰ ምድር እንፋሎት ነው። ግን አልሙኒየም ታቀልጣለች። ገንዳው ውስጥ ትልልቅ የካርቦን ብሎኬት ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከማዕድኑ የተላቀቀው ኦክስጅን ብሎኬቱን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ ለ1 ቶን አልሙኒየም 1.5 ቶን ገደማ። ኤሌክትሪኩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ይሄ አይቀርም። ሲሚንቶም እንደዚሁ ነው፣ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲጋገር ይለቃል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ በዓለም የኃይል ፍጆታ ውስጥ ድርሻው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው በአብዛኛው ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ማሞቂያና ምድጃ ነው።

ጥያቄ፦ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅስ?

ባትሪ ወይም የውሃ ግድብ ከሌለ የጋዝ ማመንጫው ሥራ ይጀምራል። አለቀ።

ጥያቄ፦ የአንድ አገር ሪፖርት ሲወጣ ምኑን ልይ?

ስንት ሜጋዋት ተመረቀ የሚለውን እለፈው። አምና ስንት ቶን ከሰል፣ ጋዝና ናፍጣ ነደደ፣ ዘንድሮስ? እሱን ፈልግ። እንጨት እያቃጠሉ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ አገሮች ካጋጠሙህ ደግሞ የደኑንም ሠንጠረዥ ክፈት፤ የእንጨቱ ካርቦን በኃይሉ ሠንጠረዥ ድምር ውስጥ አይገባም፣ የሚቆጠረው በደኑ ሠንጠረዥ ነው።