ስክሪኑን ከፍታችሁ አስተካክሉ

ልጆች፣

ሰሞኑን ሰርግ ላይ የማያችሁ ሁሉ ጊምባል፣ ያንን ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ በሞተር የሚይዘውን እጀታ፣ ይዛችኋል። ደስ ይላል። ግን ካሜራውን ሰክታችሁ፣ ማብሪያውን ተጭናችሁ፣ በቃ ሩጫ ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ትላላችሁ። ዕቃው ምንም አልሆነም። ሚዛኑን ሳትጠብቁ ስላበራችሁት ካሜራውን በጉልበት ደግፎ ይዟል። ሲግልና ባትሪ ሲጨርስ ምን ይገርማል?

እኔ ያደግኩት ሞተር በሌለው ነው። እጀታ፣ ዘንግ፣ ከላይ ካሜራ፣ ከታች ክብደት። ጋሬት ብራውን የሚባለው አሜሪካዊ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስቴዲካምን ሲሠራ የያዘው ሐሳብ ይኸው ነበር፦ ክብደቱ ከላይና ከታች ሲራራቅ ዕቃው በቀላሉ አይዞርም፤ እጀታው ላይ ያለው ተሽከርካሪ መጋጠሚያ ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥ እዚያው ያስቀረዋል።

የዚህን ሞተር አልባ ዕቃ ሚዛን ስትጠብቁ፣ መጀመሪያ የፊትና የኋላውን፣ ቀጥሎ የግራና የቀኙን ታስተካክላላችሁ። ካሜራው የሚቀመጥበትን ሳህን በሚሊ ሜትር እየገፋችሁ ነው ታዲያ። ትንሽ ካሜራ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ የምታስቸግረው ቀላል ስለሆነች ነው። የሌንስ ክዳን እንኳ ያዛባታል። ከዚያ ዘንጉን አግድም አስተኝታችሁ ልቀቁት። ወርዶ ቀጥ እስኪል 2 ሰከንድ አካባቢ ከፈጀበት ጥሩ ነው። ዱብ ካለ ከታች ከብዷል፤ በተራመዳችሁና በቆማችሁ ቁጥር ይወዛወዛል። አልወርድም ካለ ከላይ ከብዷል።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለአንድ ሰርግ ሌሊቱን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሚዛኑን ጠበቅኩ። ሳህኑ ላይ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ኮርቼ ሄድኩ። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ስክሪኑን ከፈትኩ። ቤት ያስተካከልኩት ግን ዘግቼው ነበር! ስክሪኑ ወደ ጎን ሲወጣ ካሜራው አብሮት ዘመመ። በአውራ ጣቴ ደግፌ ልወጣው አልኩ። የት ሊሆን? በኋላ ቪዲዮውን ሲያዩ የሙሽሪት እናት፣ «የኔ ልጅ፣ ግቢያችን ዳገት ነው እንዴ?» አሉኝ።

ስለዚህ ስክሪኑ ተከፍቶ፣ ክዳኑ ወልቆ፣ ማይኩ ተሰክቶ፣ የምትሠሩበት ባትሪ ገብቶ ነው ሚዛን የሚጠበቀው። ዙም ሲደረግ ወደ ፊት የሚወጣ ሌንስ ከሆነ በምትቀርጹበት ልክ አቁሙት። ውጭ ስትሆኑ ንፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ያ ዕቃ ከሰው በላይ ንፋስ ይፈራል። ዘንጉን ደግሞ አትጨብጡት። ትኩስ ሲኒ እንደምትይዙት፣ በሁለት ጣት ነካ ብቻ።

የኔ ሳህን ላይ ዛሬም ሦስት መሥመሮች አሉ። አንዷ ለትልቁ ባትሪ፣ አንዷ ለትንሹ። ሦስተኛዋ የዚያን ሌሊት ያሰመርኳት ናት። ኤክስ አድርጌባታለሁ እንጂ አላጠፋኋትም።