ቪላኑን ከፒያሳ ሜክሲኮ ማሻገር፦ የአንባቢያን የኔትወርክ ጥያቄዎች

ለዚህ እትም አምስት ደብዳቤዎች መርጠናል። የሁሉም ጉዳይ ተቀራራቢ ነው፦ አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ቪላን (በስዊቹ ላይ ከሌላው ተለይቶ የተከለለ ኔትወርክ)፣ በተከራዩት መስመር ላይ በብሪጅ (ሁለቱን ጫፍ እንደ አንድ ኔትወርክ በሚያገናኝ ድልድይ) አልፎ፣ ከተማው ሌላ ጥግ ያለ ቅርንጫፍ እንዲደርስ ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍል። ዋና ቢሮአችን ፒያሳ ነው፤ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት መጋዘናችን ወደ ሜክሲኮ ተዛውሯል። ሁለቱን የሚያገናኝ የ10 ሜጋ ቢት ቪፒኤን መስመር አለን፤ ራውተሮቹ ማይክሮቲክ ናቸው፣ ራውተር ኦኤስ 7። ፒያሳ ላይ ቪላን 10 የመጋዘን ሶፍትዌር፣ 20 ስልክ፣ 30 የጣት አሻራ ማሽን ነው። የመጋዘን ሶፍትዌሩ ሰርቨሩን በብሮድካስት (በኔትወርኩ ላሉት ሁሉ በሚላክ ጥሪ) ፈልጎ ነው የሚያገኘው፤ አይፒ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ሦስቱም ቪላኖች ሜክሲኮ ላይ እንዲገኙ እንዴት እናድርግ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ብሪጅ የሚያስፈልገው ቪላን 10 ብቻ ነው፤ ብሮድካስት በራውተር አያልፍምና። የጣት አሻራ ማሽን ጌትዌይ (ከኔትወርኩ የሚያስወጣውን ራውተር አድራሻ) ይቀበላል፤ ዜድኬ የተባለው ኩባንያ ማሽኖች ከሶፍትዌራቸው ጋር አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት በ4370 ፖርት ስለሆነ፣ በማሽኑ ሜኑ ላይ አይፒና ጌትዌይ ሞልቶ በራውቲንግ (ራውተሩ በአይፒ አድራሻው እየመራ) ማገናኘት ይበቃል። ስልኩም ቢሆን በራውቲንግ ይሂድ። በጂ 711 ኮዴክ (የስልክ ድምፅን ወደ ዲጂታል የመቀየሪያ ዘዴ) አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ በራውቲንግ 80 ኪሎ ቢት ይፈጃል፤ ያው ጥሪ ከነታጉ (የቪላኑን ቁጥር ከያዘው ምልክት ጋር) በኢኦአይፒ ተነል (የኢተርኔት ፍሬምን በአይፒ ፓኬት ጠቅልሎ በሚያሳልፍ መንገድ) ውስጥ ሲያልፍ ወደ 98 ይጠጋል።

ራውተር መንገደኛውን አስቁሞ «ወዴት ነህ?» ይላል። ብሪጅ ግን እንደ ራስ መኮንን ድልድይ ነው፤ ብሮድካስቱን ሁሉ ሳይጠይቅ ያሳልፋል። በአንድ ቪላን ውስጥ በሰከንድ 100 ብሮድካስት ቢኖርና እያንዳንዱ 64 ባይት ቢሆን፣ ማንም ምንም ሳይሠራ 51 ኪሎ ቢት መስመሩ ላይ ይፈስሳል። በእርስዎ 10 ሜጋ ቢት ላይ ይህ አይሰማም፤ በ128 ኪሎ ቢት መስመር ላይ ግን 40 በመቶ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። በሁለቱም ራውተሮች ላይ የኢኦአይፒ ኢንተርፌስ ይፍጠሩ። የፒያሳው የቪፒኤን አድራሻ 10.20.0.1፣ የሜክሲኮው 10.20.0.2 ነው እንበል፤ ፒያሳ ላይ ሎካል አድሬሱ የመጀመሪያው፣ ሪሞት አድሬሱ ሁለተኛው ይሆናል፤ ሜክሲኮ ላይ ይገላበጣል። ተነል አይዲው በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቁጥር ይሁን። ኪፕ አላይቩን (ወዲያኛው ጫፍ መኖሩን በየጊዜው የሚያረጋግጠውን) አያጥፉት፤ ከጠፋ መስመሩ ተቆርጦም ተነሉ «እየሠራሁ ነው» ይላል። ፋየርዎሉ ላይ፣ ኢንፑት በሚለው ሰንሰለት፣ ከወዲያኛው ራውተር አድራሻ የሚመጣውን ጂአርኢ (ኢኦአይፒ የሚጓዝበት ፕሮቶኮል፣ ቁጥሩ 47) ይፍቀዱ።

ኤምቲዩው (አንድ ፓኬት ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛ መጠን) ላይ ትንሽ እንቆይ። ኢኦአይፒ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ቢያንስ 42 ባይት ይጨምራል፦ 20 የአይፒ፣ 8 የጂአርኢ፣ 14 የኢተርኔት። መስመሩ 1500 ባይት የሚያሳልፍ ከሆነ ለውስጡ የሚተርፈው 1458 ነው። ይሁን እንጂ የተነሉን ኤምቲዩ በእጅዎ 1500 ብለው ይጻፉ። ራውተር ፓኬቱ ከልኩ በላይ ሲተልቅበት «አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት ለላኪው ይመልሳል፤ ብሪጅ ግን እንዲህ ያለ አፍ የለውም፤ ዝም ብሎ ይጥላል። 1500 ሲሉት የውጪው ፓኬት ለሁለት ተከፍሎ ይሄዳል። ዋጋ አለው፤ ፕሮሰሰሩ ይደክማል፣ ከሁለቱ ቁራጭ አንዱ ከጠፋም ሙሉው ይጠፋል። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪዎን በመስመሩ ላይ 1546 ባይት እንዲፈቅድ ይጠይቁ፤ 1500፣ ሲደመር 4 የቪላን ታግ፣ ሲደመር 42 ማለት ነው። ከፈቀደልዎ የራውተሩንም የመስመር ፖርት ኤምቲዩ በዚያው ልክ ከፍ ያድርጉ፤ መከፋፈሉ ይቀራል።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ራውተር ላይ አንድ ብሪጅ፣ ለሁሉም ቪላን አንድ ብቻ፣ ይፍጠሩ። ወደ ስዊቹ የሚሄደውን ትራንክ (ብዙ ቪላን በታግ የሚያልፍበት ፖርት፤ ኢተር 2 ይሁን) እና የኢኦአይፒውን ኢንተርፌስ ያስገቡበት። መስመሩ የገባበትን ኢተር 1 ግን በፍጹም አያስገቡ፤ ተነሉ በራሱ ሆድ ውስጥ መግባት ይጀምራል። በብሪጁ የቪላን ሠንጠረዥ ላይ ለቪላን 10 ታግድ የሚሆኑት ኢተር 2፣ ኢኦአይፒው እና ብሪጁ ራሱ ናቸው። ለ20 እና ለ30 ኢተር 2ና ብሪጁ ብቻ ይጻፉ፤ ኢኦአይፒው ስለሌለበት አይሻገሩም። ለእነዚህ ለሁለቱ ሜክሲኮ ላይ የተለየ ሰብኔት (የአይፒ አድራሻ ክልል) ይስጧቸው። የኢኦአይፒው ፖርት ታግ ያለውን ፍሬም ብቻ እንዲቀበል ያድርጉ፤ አንድ ሰው በስህተት የሰካው ታግ የሌለው ነገር እንዳይሻገር ይከላከላል።

ቪላን ፊልተሪንግን (የቪላን ሠንጠረዡን ሥራ ላይ የሚያውለውን) የሚያበሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ሴፍ ሞድን ይጫኑ። ብዙ ሰው ራሱን ደጅ የሚያስቀረው እዚህ ላይ ነው፦ ብሪጁን በታግድ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይረሳል፤ ፊልተሪንጉ ሲበራ የራውተሩ የራሱ አይፒ ይጠፋል። ሴፍ ሞድ ላይ ከሆኑ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ራውተሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ካልሆኑ ታክሲ ይዘው ሜክሲኮ መውረድዎ ነው።

ኢኦአይፒ በራሱ ምንም ነገር አያመሰጥርም። መስመርዎ በኢንተርኔት ላይ የሚያልፍ ከሆነ የአይፒሴክ (የማመስጠሪያ ዘዴ) ሚስጥር ቃል ይጨምሩና ፋስት ፓዝን (ፓኬቱን በአቋራጭ የሚያሳልፈውን) ያጥፉ።

ጥያቄ፦ በካዛንቺስና በለገሃር ቢሮዎቻችን መካከል የሌየር 2 ፋይበር (የኢተርኔት ፍሬምን እንዳለ የሚያሳልፍ መስመር) ተከራይተናል። በሁለቱም ጫፍ ስዊቹን ትራንክ አድርገን ሁለት ቪላን እያሳለፍን ነው። ፒንግ ጥሩ ይሠራል፤ ፎልደር ስንከፍት ወይም ፋይል ስንልክ ግን ይንጠለጠላል። አገልግሎት ሰጪው «መስመሩ ንጹሕ ነው» ይለናል። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ተራ ፒንግ ትንሽ ስለሆነ በየትም ያልፋል። ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ «አትከፋፍል» የሚለውን ምልክት (ሰረዝ ኤፍ) ጨምረው፣ መጠኑን (ሰረዝ ኤል) መጀመሪያ 1472፣ ቀጥሎ 1468 አድርገው ይሞክሩ። 1468 አልፎ 1472 ከቀረ ሌባው ተይዟል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 1472 ላይ 28 የአይፒና የአይሲኤምፒ (የፒንግ ፕሮቶኮል) ሲጨመር 1500 ይሆናል፤ 18 የኢተርኔት ሲጨመር 1518። ታግ የሌለው ኢተርኔት ከፍተኛው መጠን ይኸው ነው። የ802.1 ኪው ታግ (የቪላን ታጉ) 4 ባይት ስለሆነ ፍሬሙ 1522 ይደርሳል። በመንገድ ላይ ያለ አንድ መሣሪያ በ1518 ተገድቦ ከሆነ ትልልቁን ፍሬም ይጥላል፤ ትንንሹ ያልፋል። አገልግሎት ሰጪው መስመሩን ሲለካ ታግ ሳያደርግ ከለካ እውነትም ንጹሕ ነው።

በደብዳቤ «1522 ባይት ፍሬም ከጫፍ ጫፍ ይለፍልን» ብለው ይጠይቁ፤ «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ይህ ቁጥር ሥራ ያስጀምራል። እስኪስተካከል ድረስ በእነዚያ ቪላኖች ላይ ያሉትን የሰርቨሮችና የኮምፒውተሮች ኤምቲዩ 1496 ያድርጉ። የሚያሳልፉት አንድ ቪላን ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ጫፍ ፖርቱን አክሰስ (የአንድ ቪላን ብቻ፣ ታግ የሌለው) ማድረግ ይበቃ ነበር፤ ያን ጊዜ መስመሩ ላይ ታግ የለም።

እግረ መንገድዎን ኔቲቭ ቪላኑ (ታግ የሌለው ትራፊክ የሚመደብበት) በሁለቱም በኩል አንድ ቁጥር መሆኑን ይመልከቱ። ካዛንቺስ 1፣ ለገሃር 99 ከሆነ ታግ የሌለው ትራፊክ ከአንዱ ቪላን ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሂሳብ ክፍላችን ፒችትሪን (የሂሳብ ሶፍትዌር) ከዋናው ቢሮ ሰርቨር በሼርድ ድራይቭ ይከፍታል። ከቅርንጫፍ ሲከፈት ግን አንድ ሪፖርት ለማውጣት ደቂቃዎች ይፈጃል። በራውቲንግ ፈንታ ቪላኑን ብሪጅ ብናደርግ ይፈጥናል? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ አይፈጥንም። ፕሮግራሙ ፋይሉን የሚያነበው በብዙ ትንንሽ ጥያቄዎች ነው፤ አንዱ ሳይመለስለት ቀጣዩን አይጠይቅም። አንድ ሪፖርት 2000 ምልልስ ቢፈልግ፣ በቢሮው ውስጥ በግማሽ ሚሊ ሰከንድ ሲመላለስ 1 ሰከንድ ይወስዳል፤ በ20 ሚሊ ሰከንድ መስመር ላይ ያው ሥራ 40 ሰከንድ ነው። ብሪጅ ምልልሱን አያሳጥርም። መስመሩ መሀል ላይ ቢቆረጥ ደግሞ የሂሳብ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ቅርንጫፉ በሪሞት ዴስክቶፕ ዋናው ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይሥራ፤ መስመሩን የሚያልፈው የስክሪኑ ምስልና የቁልፍ ምት ብቻ ይሆናል። ለብሪጅ ሊያወጡት ያሰቡትን ገንዘብ ለባክአፕ ዲስክ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ሁለት አሮጌ የሲስኮ ራውተሮች በ2 ሜጋ ቢት የሲሪያል መስመር ተገናኝተዋል። ቪላን 10ን እና 40ን አንድ ብሪጅ ግሩፕ (አብረው ብሪጅ የሚደረጉ ኢንተርፌሶች ስብስብ) ውስጥ ስንከት ተደባለቁ፤ የ40 ኮምፒውተሮች ከ10 ዲኤችሲፒ (የአይፒ አድራሻ አዳይ) አድራሻ ይወስዳሉ። ለያይተን ስንሞክር ሲሪያሉ ሁለተኛውን ግሩፕ አይቀበልም። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የተደባለቁት ራውተሩ ፍሬሙን በሰብ ኢንተርፌስ (በአንድ ፖርት ውስጥ በተከፈለ ምናባዊ ፖርት) ሲቀበል ታጉን ስለሚያወልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬሙ የሚታወቀው በብሪጅ ግሩፑ ብቻ ነው፤ ግሩፑ አንድ ከሆነ ቪላኑም አንድ ሆነ ማለት ነው። አንድ ኢንተርፌስ ደግሞ ከአንድ ግሩፕ በላይ አይገባም። ስለዚህ ሲሪያሉን ራሱን መክፈል ያስፈልጋል።

ቀላሉ መንገድ በመስመሩ ላይ ፍሬም ሪሌይን (አንድን መስመር በቁጥር ወደተለዩ መንገዶች የሚከፍል ዘዴ) ጀርባ ለጀርባ ማስኬድ ነው። በሁለቱም ሲሪያሎች ላይ ኢንካፕሱሌሽኑን ከኤችዲኤልሲ ወደ ፍሬም ሪሌይ ይቀይሩና «ኖ ኪፕ አላይቭ» ይበሉ፤ መሀል ላይ የፍሬም ሪሌይ ስዊች ስለሌለ ሰላምታውን የሚመልስ የለም። ከዚያ ሁለት የፖይንት ቱ ፖይንት ሰብ ኢንተርፌሶች ይፍጠሩ፤ አንዱ ዲኤልሲአይ (የመንገዱ መለያ ቁጥር) 110፣ ሌላው 140፣ በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ ቁጥር። የመጀመሪያውን ሰብ ኢንተርፌስ ብሪጅ ግሩፕ 10፣ ሁለተኛውን ብሪጅ ግሩፕ 40 ውስጥ ያስገቡ። በኢተርኔቱ በኩልም እንዲሁ፦ «ኢንካፕሱሌሽን ዶት ዋን ኪው 10» ያለበት ሰብ ኢንተርፌስ ግሩፕ 10፣ የ40ው ግሩፕ 40። ለእያንዳንዱ ግሩፕ የአይ ትሪፕል ኢ ስፓኒንግ ትሪ (ፍሬም በክብ እንዳይሽከረከር የሚከላከል) ይክፈቱ።

አሁን የሚመጣው ወጥመድ፦ ብሪጁ ተከፍቶ አይፒ ብቻ አያልፍም። ራውተሩ ላይ የአይፒ ራውቲንግ ክፍት ከሆነ በነባሪው አይፒ ራውት ይደረጋል እንጂ ብሪጅ አይደረግም። «ብሪጅ አይ አር ቢ» (ብሪጅንና ራውቲንግን አብሮ የሚያስኬድ ትእዛዝ) ብለው ይክፈቱ። ራውተሩ ለቪላን 10 ጌትዌይ እንዲሆን ከፈለጉ የቢቪአይ 10 ኢንተርፌስ (ብሪጅ ግሩፑን ወክሎ አይፒ የሚይዝ) ፈጥረው አይፒውን እዚያ ይስጡና «ብሪጅ 10 ራውት አይፒ» ይጨምሩ። የቢቪአዩ ቁጥር ከግሩፑ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። በኢተርኔቱ ሰብ ኢንተርፌስ ላይ የነበረውን አይፒ ማንሳት አይርሱ።

መብራት ብልጭ ብሎ ራውተሩ ሲነሳ 30 ሰከንድ ምንም ባያልፍ አይደንግጡ። ስፓኒንግ ትሪው 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል። ሁለተኛ መጠባበቂያ መስመር ካለዎት ወደ እሱ እስኪዞር 50 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ለማፍጠን ብሎ ስፓኒንግ ትሪን ማጥፋት ግን ሁለት መስመር ባለበት ቦታ ሉፕ መጋበዝ ነው፤ 2 ሜጋ ቢቱን አንድ ብሮድካስት ብቻውን እየተሽከረከረ ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ቪላኑን በኢኦአይፒ አሻግረን ጥሩ እየሠራ ነው። መስመሩ ሲቆረጥ ግን ቅርንጫፉ ውስጥ ኮምፒውተሮቹ አድራሻ ያጣሉ፤ የራሱ ኢንተርኔት ቢኖረውም አይወጡም። ሁለተኛ ዲኤችሲፒ ብንጨምር ይጋጫል? (ከልደታ)

መልስ፦ ሁለቱ ካልተለያዩ ይጋጫሉ። ሰብኔቱ 192.168.10 ነው እንበል፤ ዋናው ቢሮ ከ50 እስከ 120፣ ቅርንጫፉ ከ130 እስከ 200 ያድል። ዋናው ጌትዌዩ 1፣ የቅርንጫፉ 2 ይሁን። ከዚያ በሁለቱም ብሪጆች ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን ያብሩ፤ የኢኦአይፒውን ፖርት «ትረስትድ» አያድርጉት። ከተነሉ ማዶ የሚመጣ የአድራሻ ስጦታ ይጣላል፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከገዛ ቢሮው ራውተር አድራሻና ጌትዌይ ይወስዳል፣ ሰርቨሩን ግን እንደ በፊቱ በብሪጁ ያገኘዋል። ቀድሞ አድራሻ የወሰዱት ኮምፒውተሮች የሊዛቸው (አድራሻው የተሰጣቸው ጊዜ) ግማሽ እስኪደርስ እድሳት ስለማይጠይቁ፣ ለውጡን ባደረጉ ዕለት አንድ ጊዜ አጥፍተው ያስነሷቸው።