«እንኳን ደህና መጣችሁ» እስከ መቼ?

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። አጥቢያችን ትንሽ ነበረች፤ ሰባ ያህል ሰው ብንሆን ነው። የተከራየነውን የቆርቆሮ አዳራሽ ባለቤቱ ሸጡት። ከሰባት ወር በፊት ከከተማው ሌላ ጫፍ ካለ ትልቅ አጥቢያ ጋር ተዋሃድን። ሽማግሌዎች ተስማምተው፣ ተጸልዮ፣ ዳቦ ተቆርሶ ነው። በክፉ ያየን ሰው የለም። በየእሁዱ ማስታወቂያ ሲነበብ «አዲስ የመጡ ወገኖቻችን እንኳን ደህና መጣችሁ» ይሉናል። እኛም ተነስተን እጃችንን እናውለበልባለን። እስከ ዛሬ!

ኳየራችን «ወደፊት ይታያል» ተብሎ ቀረ። ሽማግሌዎቻችን ኋላ ወንበር ላይ ናቸው። እናቴ አማርኛ ብዙም አትሰማም። በድሮው ቤት ስብከቱ በአፋን ኦሮሞ ይተረጎምላት ነበር፤ አሁን ዝም ብላ ተቀምጣ ትመለሳለች። አሮጊቶቹም መምጣት እየተዉ ነው፤ ሁለት ባጃጅ ነው። አንዳንዶቻችን አርብ አርብ እኔ ቤት መሰብሰብ ጀምረናል። «አዳራሽ ፈልገን እንውጣ» የሚሉም አሉ። የእኔ ልብ ለሁለት ተከፍሏል። ምን ይመክሩኛል?

ኳየር የናፈቃት፣ ከአዳማ

መልስ

ልጄ፣ ሰባት ወር ሙሉ በየእሁዱ ተነስቶ እጅ ማውለብለብ ይከብዳል። እንኳን ደህና መጣህ የሚባለው እንግዳ ነው። እንግዳ ይከበራል፣ ደህናው ወንበር ይለቀቅለታል፣ ቡናው ቀድሞ ይቀዳለታል። ሲኒ ግን አያጥብም። ሲኒ የሚያጥበው ቤተኛ ነው። ያ አጥቢያ ወዷችኋል ብዬ አምናለሁ። ቤተኛ ማድረጉን ግን አልቻለበትም።

እኔ ቤተኛ መሆንን ያየሁት እዚያው አዳማ ነው። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ጥር 1974 ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ሆነ። እኔ የደረሰኝ የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ነበር። አንድ አንድ እያልን ነው የምንገባው። መጽሐፍ ቅዱስ በዘንቢል፣ ከሽንኩርት ሥር። መዝሙር በሹክሹክታ። የመጀመሪያ ቀን ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ማንም አላናገረኝም። አልፈርድባቸውም፣ አዲስ ፊት ያስፈራ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የቤቱ እመቤት ምስር በሰፌድ አመጡና «በር ላይ ሆነሽ ልቀሚ፤ የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ ጉሮሮሽን ጥረጊ» አሉኝ። የእነዚያ ሰዎች ሁሉ ነገር በእኔ እጅ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት ልጅ ሆንኩ። እንኳን ደህና መጣሽ ያለኝ ሰው ግን አላስታውስም።

ያቺ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ አባሎቿ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1983 ስትከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ሰው ሁልጊዜ የሚያወራው ቁጥሩን ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣውን ጣጣ አልረሳም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን መዝሙርና የራሱን መሪ ይዞ መጣ። አንዱ ተንበርክኮ መጸለይ ለምዷል፣ አንዱ ቆሞ። በሹክሹክታ የዘመርን ሰዎች ማይክ ሲጮህ ጆሯችንን ያዝን። እስክንላመድ ድረስ ስንት ኩርፊያ አለፈ መሰለሽ!

ከዚያ በፊትም በከተማሽ የሆነ ነገር አለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተማሪዎች ሜኖናይት የሚባሉ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ዘንድ እንግሊዝኛ ሊማሩ ይሄዱ ነበር። የሚያነቡት የዮሐንስን ወንጌል ነው። ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን የሚባለው የወጣቶች ኅብረት ተነሳ። ሚሲዮናውያኑ ዝግ ያለ አምልኮ የለመዱ ናቸው፤ ልጆቹ እየጮሁና እያለቀሱ ይጸልያሉ። ኋላ ላይ ልጆቹ ከሚሲዮናውያኑ ሥራ ከተወለደችው ከመሠረተ ክርስቶስ ጋር አንድ ሆኑ። ዛሬ እዚያ ብትገቢ የምትሰሚው ጸሎት የማንን ይመስላል? የልጆቹን። የመጡት ሰዎች ቤቱን ቀየሩት። እናንተም ይዛችሁ የመጣችሁት ነገር አለ፤ ኋላ ወንበር ላይ አይቅር።

አሁን በግማሽ መስመር ያለፍሽው ነገር ላይ ልቁም። «ሁለት ባጃጅ ነው» ብለሻል። ደርሶ መልስ አራት ማለት ነው። ጡረታ ላይ ያሉ ወይም ልጅ የሚጦራቸው እናት በየእሁዱ አራት ባጃጅ ከየት ያመጣሉ? በእግር እንዳይሉ የአዳማን ፀሐይ ታውቂዋለሽ። አኩርፈው ቀሩ ተብሎ ይወራ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ሳንቲም አጥተው፣ ያንን መናገር ደግሞ አፍረው ይሆናል። እባክሽ ሂጂና በየቤታቸው ጠይቂያቸው። ከዚያ ለመጋቢው በስም በስም ንገሪው። አራት መቶም ይሁን አምስት መቶ ሰው ባለበት አጥቢያ፣ መኪና ይዞ በሰፈራችሁ በኩል የሚያልፍ አይጠፋም። አንድ እናት በየሳምንቱ በአንድ ሰው መኪና ሲመጡ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ የልጆቹን ስም ያውቃሉ። ሲታመሙም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ውህደት እንዲህ ሲገባ አይቻለሁ።

በኳየሩ ነገር ግን ትንሽ ልቆጣሽ። «ወደፊት ይታያል» ሲባል «መቼ?» ብሎ የጠየቀ አለ? እኛ ይታያል ስንባል አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን፤ ከዚያ ቤታችን ገብተን እናዝናለን። ሁለት ሰው ያዢና መጋቢውን ቀን ቁረጥልን በሉት። ሽማግሌዎቻችሁም መባ ከሚቆጥሩት ጋር ይግቡ። ገንዘብ አብሮ የቆጠረ ሰው እንግዳ አይባልም።

ስማችሁንም አትጣሉት። ቤቴል የምትባለው ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በ1960ዎቹ አጋማሽ ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስትዋሃድ ስሟን ይዛ ነው የገባችው። እስከ ዛሬ በቤቴል ስም የሚጠሩ ሲኖዶሶች አሉ። እናንተም በድሮው ሰፈር አንድ የቤት ለቤት ኅብረት በአጥቢያችሁ ስም ይኑራችሁ። ከቆርቆሮው አዳራሽ አንድ አግዳሚ ወንበር ወይም ከበሮ ተርፎ ከሆነ ወስዳችሁ አዲሱ ቤት አስገቡት። የተሸጠውን ቤት አልቅሳችሁ ካልቀበራችሁትም አንድ ቀን ተሰብስባችሁ አልቅሱለት። እኔ ይህን እንደ ድካም አላየውም።

አርብ አርብ ቤትሽ የሚሰበሰበውን አትበትኚው። ግን ከዚያኛው አጥቢያ ሦስት ሰው ጥሪ። መጋቢውን ተዪው፤ በር ላይ የሚያስተናግዱትን ጥሪ። ሲመጡ ከእንግዳ ወንበር አታስቀምጫቸው። ምስር ስጫቸው፣ አብረዋችሁ ይልቀሙ። አዳራሽ ፈልገን እንውጣ ለሚሉት ደግሞ ይህ ሁሉ ተሞክሮ ዓመት ይሙላው በያቸው። ያን ጊዜም ካልሆነ ጻፊልኝ፤ ውጡ ማለት ካለብኝ እላለሁ።

መጋቢውን ስታገኚው ደግሞ ያንን ማስታወቂያ እንዲተወው ለምኚው። በዚያ ፈንታ ከእናንተ አንዱ ተነስቶ ማስታወቂያውን ያንብብ።

የእናትሽ ነገር ግን ዓመት አይቆይም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ከታተመ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እናትሽ ዛሬም ቃሉን ሳይሰሙ መመለሳቸው አንጀቴን ይበላኛል። ከመድረክ ምንባቡ በሁለቱም ቋንቋ እንዲነበብ ጠይቁ፤ በአንድ ጥግም አስተርጓሚ ይመደብ። ያ እስኪሆን ግን ልጄ፣ በመጪው እሁድ ከኳየር ጓደኞችሽ ጋር አትቀመጪ። እናትሽ ጎን ሁኚና አንቺው በጆሯቸው ተርጉሚላቸው።