ኮምፕሌክስ ሩት ይዞ ፋክተር ማድረግ፦ ጠይቁኝ

ድሬዎች፣ ዛሬ ከሰዓት በዚህ ሙቀት ቆሜ ማስጠናት አልቻልኩም። ስለዚህ ልጆቼ የላኩልኝን ጥያቄ እዚሁ እመልሳለሁ፣ ሌላም ሰው ካለው ይጨምር። ኪቦርድ መቀያየር ስለሰለቸኝ ኤክስን (x) «ቀ»፣ አይ (i) የምትባለዋን ፊደል ደግሞ «ተ» ብያቸዋለሁ። ተ² = −1 መሆኑን ብቻ አትርሱ። ሩት ማለት በቀ ቦታ ሲገባ ስሌቱን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ነው፣ ፋክተር ማድረግ ደግሞ ስሌቱን ወደ ብዜት መክፈል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ድሮ ቀ² + 9 ፋክተር አይደረግም ተባልን። አንተ ደግሞ ይደረጋል ትላለህ። የቱን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። ያኔ የምታውቁት ሪል ቁጥርን (ተ የሌለበትን) ብቻ ነበር፣ በሱ አይደረግም። ኮምፕሌክስ (ተም የሚገባበት ቁጥር) ከተፈቀደ (ቀ + 3ተ)(ቀ − 3ተ) ነው። ፈተና ላይ መጀመሪያ በየትኛው ቁጥር ውስጥ እንደተጠየቃችሁ እዩ። አቦ፣ ስንት ጎበዝ ልጅ እዚህ ጋ ነጥብ ጥሏል!

ጥያቄ፦ የቀ³ − 5ቀ² + 17ቀ − 13 አንዱ ሩት 2 + 3ተ ነው ይላል። በሲንተቲክ ዲቪዥን (በአጭሩ የማካፈያ ዘዴ) ስሠራው ገጹ ሞላ፣ መልሱም አልመጣልኝም።

መልስ፦ በዚያ መንገድም ይወጣል፣ ግን ምን አደከመሽ? ኮኢፊሸንቶቹ (ቀን የሚያባዙት ቁጥሮችና ብቻውን የቆመው) ሁሉ ሪል ስለሆኑ 2 − 3ተም ሩት ነው። ሁለቱን ደምሪያቸው፣ 4። አባዣቸው፣ 4 + 9 = 13። በቃ፣ የሁለቱ ፋክተር ቀ² − 4ቀ + 13 ነው፤ ድምሩ ምልክቱን ቀይሮ መሀል ይገባል፣ ብዜቱ እንዳለ መጨረሻ ይቀመጣል፣ ቅንፍ መበተን የለ፣ ከተ ጋር መታገል የለ። የቀረው በዓይን ይታያል። መጨረሻው −13 እንዲሆን 13 በ−1 መባዛት አለበት፣ ስለዚህ ቀ − 1። ካላመንሽኝ 1ን አስገቢ፦ 1 − 5 + 17 − 13 = 0።

ጥያቄ፦ ግን ለምንድነው ሁሌ ጥንድ ሆነው የሚመጡት?

መልስ፦ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ አስበው። ወንዙ ሪል ቁጥሮች የተደረደሩበት መስመር ይሁን፣ ከዚራ በአንድ በኩል፣ መጋላ በሌላው። ኮንጁጌት ማድረግ (የተን ምልክት መቀየር፣ 2 + 3ተን 2 − 3ተ ማድረግ) ማለት ወንዙን ተሻግሮ ልክ ትይዩው ላይ መቆም ነው። (ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ መሻገሩ አይከብድም።) ወንዙ ላይ የቆመ ግን የትም አይሄድም። ኮኢፊሸንቶቹ ሪል ከሆኑ ስሌቱን በሙሉ ብታሻግረው እነሱ ንቅንቅ አይሉም፣ ዜሮም ያው ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ከዚራ ያለው ሩት ከሆነ መጋላ ያለው ትይዩውም ሩት ነው።

«ሁሌ» ያልካት ግን ልክ አይደለችም። ቀ² − 3ተቀ − 2ን ውሰድ። ሩቶቹ ተ እና 2ተ ናቸው፣ ኮንጁጌታቸው የለም። መሀል ያለው −3ተ ራሱ ወንዙ ላይ አይደለማ!

ጥያቄ፦ ቀ⁴ + 4 ሪል ሩት የለውም። ስለዚህ በሪል ፋክተር አይደረግም፣ አይደል?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ሪል ሩት የለውም ማለት ዲግሪው (የቀ ትልቁ ፓወር) 1 የሆነ ሪል ፋክተር የለውም ማለት ብቻ ነው። አራቱ ሩቶች 1 + ተ፣ 1 − ተ፣ −1 + ተ እና −1 − ተ ናቸው። ጥንዶቹን አጣምሯቸው። የመጀመሪያዎቹ ድምራቸው 2፣ ብዜታቸው 2። የኋለኞቹ ድምራቸው −2፣ ብዜታቸው አሁንም 2። ይኸው፦ (ቀ² − 2ቀ + 2)(ቀ² + 2ቀ + 2)። ተ የታለ? በኮምፕሌክስ ገብተን በሪል ወጣን። እዚህ ጋ ለተሳሳታችሁ፣ ላይብኒትዝን የሚያህል የሒሳብ ሊቅ በ1702 እ.ኤ.አ. ቀ⁴ ሲደመር የሌላ ቁጥር አራተኛ ፓወር በሪል ወደ ኳድራቲክ (ዲግሪው 2 ወደሆነ) አይከፈልም ብሎ ጽፏል። ማንኛውም ሪል ፖሊኖሚያል (ኮኢፊሸንቶቹ ሪል የሆኑ እንዲህ ያለ ስሌት) ዲግሪያቸው 1 ወይም 2 ወደሆነ ሪል ፋክተሮች መከፈሉን ማረጋገጥ የሌላው የሒሳብ ሊቅ፣ የጋውስ፣ የ1799 እ.ኤ.አ. ዶክትሬት ሥራ ነበር።

ጥያቄ፦ ዲግሪው 5 ሆኖ አንድም ሪል ሩት ባይኖረውስ?

መልስ፦ ኮኢፊሸንቱ ሪል ከሆነ አይሆንም። አምስት ሰው ጥንድ ጥንድ ሁኑ ቢባል አንዱ ይተርፋል። እሱ ወንዙ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ምልክቱን የሚቀይረው ድምሩ ነው ብዜቱ? ሁሌ ይምታታብኛል።

መልስ፦ ድምሩ። ሲምታታብሽ ቀ² − 5ቀ + 6ን አስታውሺ፣ ሩቶቹ 2 እና 3 ናቸው። ሰኞ ስትመጡ ቀ⁴ + 1ን ሠርታችሁ አምጡ። ስኩዌር ሩት 2 ብቅ ቢልባችሁ አትደንግጡ፣ መንገዱ ያው ነው።