«ለሚመለከተው ሁሉ» ብላችሁ አትጻፉ

የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ባለፈው የካቲት የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ሊጠይቀኝ መጣ። ለሴሚስተር እረፍት ነው። የሚማረው ራቅ ያለ ከተማ ነው፤ ግቢውን አልጠራውም። የኮምቦልቻን ሙቀት አምኖ በስስ ቲሸርት የሐረጎን ዳገት ወጣ። ደሴ ፒያሳ ሲወርድ ብርዱ ተቀበለው። ጋቢ ደረብኩለት።

ቡናው እስኪፈላ ከቦርሳው የወረቀት ጥቅል አወጣ። የተማሪዎች ህብረት ውስጥ የብሎኩ ተወካይ ነው። ማደሪያቸው ውሃ የለም። ገጽ በገጽ ፊርማ አሰባስበዋል። ከላይ በትልቁ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል።

«ማንን ነው የሚመለከተው?» አልኩት።

«ሁሉንም ነዋ፣ ጋሼ።»

ሁሉንም የሚመለከት ደብዳቤ የማንም ጠረጴዛ ላይ አያድርም። እኔ ጡረታ ወጥቼ ደሴ እስክገባ ድረስ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እቅድና በጀት ክፍል ነው የሠራሁት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ እየተመራ፣ ጥግ ጥጉ ላይ «ለእርስዎ» እየተባለ ሲዞር አይቻለሁ። እኔም መርቼዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጊዜ ላውራችሁ። የእናንተ የትምህርት ዓመትና የገንዘቡ ዓመት አይገጥሙም። እናንተ መስከረምና ጥቅምት ላይ ትገባላችሁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ጀምሯል። ምክር ቤት ያጸደቀው ሰኔ ላይ ነው። ግቢያችሁ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር የላከው ደግሞ ከዚያም ወራት ቀድሞ ነው፤ የካቲትና መጋቢት አካባቢ። ስለዚህ ኅዳር ላይ «ውሃ!» ብላችሁ ብትጮኹ፣ የምትጮኹት ተከፋፍሎ ባለቀ ብር ላይ ነው። «በጀት የለም» የሚሏችሁ ሁልጊዜ ዋሽተው አይደለም። እውነትም የለም። የካቲት ላይ የጠየቀ አልነበረማ።

ከዚያ ደግሞ የብሩ ዓይነት አለ። የተሰበረ ቧንቧ መቀየር ከመደበኛ በጀት፣ ከዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃው ነው። ትዕግሥት ካላችሁ በዚያው ዓመት ይሆናል። አዲስ የውሃ ማጠራቀሚያ መሥራት ከካፒታል በጀት፣ ከግንባታው ብር ነው። ዘንድሮ ተጠይቆ ለከርሞ ቢፈቀድ እሰየው ነው። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ከቀላቀላችሁ ቀላሉም ከከባዱ ጋር አብሮ ይቀመጣል።

የትኛውን በር ታንኳኩ የሚለውም ጉዳይ አለ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 15 ብር ይመደብ በነበረበት ዘመን፣ ልጆቹ ሰሃን እያንኳኩ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ ይመጡ ነበር። ያንን ዋጋ ፕሬዚዳንቱ አልቆረጠውም፤ ከፌዴራል መንግሥት የመጣ ነው። ግቢው የሚወስነው ሜኑውን፣ የእንጀራ አቅራቢውን፣ የመጋዘኑን ቁጥጥር ነው። ባቄላው ነቀዝ ካለበት ፕሬዚዳንቱን ያዙት። ብሩ ካነሰ ግን ፕሬዚዳንቱ ራሱ ከእናንተ ጋር ሆኖ ወደ ላይ እንዲጽፍ አድርጉት። ሰሃን ማንኳኳቱን አልከለክልም፤ እኔም በጊዜዬ አንኳኩቻለሁ።

በሕጉ ቦታ አላችሁ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የሚባል አለ፤ ዝርዝሩን የየግቢው ሌጂስሌሽን፣ የውስጥ ደንቡ ማለት ነው፣ ይይዘዋል። የተማሪ ተወካይ ሴኔት ላይ፣ የግቢው የትምህርት ጉዳይ በሚወሰንበት ጉባኤ ላይ ይቀመጣል። ሌጂስሌሽኑን አንብቦ ሴኔት የገባ ተማሪ ግን በጣቴ እቆጥራለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎችም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ገንዘቡን ግቢው ራሱ ሲወስን፣ ያቺ ወንበር ከዛሬው የበለጠ ትከብዳለች።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ እቅድ አዘጋጀን። የተማሪ ተወካዮችን «ለግብዓት» ብለን ጠራን። እቅዱ ያኔ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ የሽፋኑ ፎቶ ሳይቀር ተመርጧል። ውሃና ብስኩት አደልን፣ አቴንዳንስ አስፈረምን። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከቤተ መጻሕፍት እስከ ሴቶች ማደሪያ ያለው መንገድ ማታ ማታ ጨለማ ነው፣ እቅዳችሁ ውስጥ የት ጋ ነው ያለው አለች። ሰብሳቢው «በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፣ እንይዘዋለን» አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። «የተማሪ ተወካዮች ተሳትፈው እቅዱን ደግፈዋል» ብዬ ጻፍኩ። ስለ መብራቱ አንድ መስመር የለም። የሷ ፊርማ ግን አለ፤ እቅዱ አሳታፊ ለመሆኑ ማስረጃ ሆኖ ተያይዟል።

ያን ቀን አንዲት ነገር ብትል እጄን ትይዘኝ ነበር፤ «ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» ብትል። ይህን የተባለ ጸሐፊ መጻፍ ግዴታው ነው። ቃለ ጉባኤውን አንብቡ፤ ካልጻፈው አትፈርሙ። አቴንዳንስና ቃለ ጉባኤ አንድ አይደሉም። አንዱ ነበርኩ ማለት ነው፣ ሌላው ተስማማሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ርክክብ ነው። የህብረቱ አመራር በየጊዜው ይቀየራል። ቁልፍ ይረከባሉ፣ ማኅተም ይረከባሉ፣ ፋይል የለም። አምና ምን ተጠየቀ፣ ማን ምን መለሰ፣ የሚያውቅ የለም። አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል። እኛ ቢሮ ያለነው ደግሞ ይህን አሳምረን እናውቃለን። አንድ የሚያስቸግር ተወካይ ከመጣ «አብሽሩ፣ ሰኔ ይመረቃል» እንባባል ነበር።

የእህቴን ልጅ በሁለተኛው ሲኒ ላይ ጥያቄ አበዛሁበት። ውሃው የሚጠፋው የትኛው ፎቅ ነው? ስንት ሰዓት ይሄዳል፣ ስንት ሰዓት ይመጣል? ታች ያለው ቧንቧ ሲመጣ ላይኛውም ይመጣል? ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የብሎኩ ልጆች ግሩፕ ላይ ጠየቀ። መልሱ ወዲያው ይንጫጫ ጀመር። ምድር ቤት ሌሊት ይመጣል፣ ሦስተኛ ፎቅ ጭራሽ አይወጣም። ይህ እኮ የግፊት ችግር ነው። ፓምፕ ወይም ጣሪያ ላይ ታንከር ይፈልጋል። ስሙ ታወቀ።

በረካ ላይ ስንደርስ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ሰርዞ ንጹሕ ወረቀት ጠየቀኝ። «ለእቅድና በጀት ዳይሬክቶሬት፣ ግልባጭ ለተማሪዎች አገልግሎት» ብሎ ጀመረ። ፊርማዎቹን ከኋላ አያያዛቸው። ግማሽ ገጽ እንደጻፈ እስኪሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰኔ እመረቃለሁ።»

አውቃለሁ አልኩት። ሦስት ኮፒ አድርገው፤ ሦስተኛው ለሚተካህ ልጅ ነው።